የጎማ ሰንሰለት፣ የጭቃ ጎማ ወይስ ከጎማ ሥር የሚገባ ሰሌዳ? ለክረምት መንገድ የሚሆነውን መምረጫ

ክረምት በመጣ ቁጥር ከአስፋልት ወጥቶ ገጠር የሚሠራ ሰው የሚያነሳት ጥያቄ አለች። "ሰንሰለት ልግዛ ወይስ ጎማ ልቀይር?" ሌላው ደግሞ "ዊንች (መኪናን በገመድ ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ) ካስገጠምኩ የቀረው ሁሉ ይቅርብኝ" ይላል። ሁሉም ስለ መኪናው ያወራል። ስለ መሬቱ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ምርጫውን የሚወስነው ግን መሬቱ ነው፤ በተለይ ከጭቃው ሥር ያለው።

ከጭቃው ሥር ቅርብ ላይ ጠንካራ ነገር ካለ ሰንሰለት የሚያህለው የለም። ከሌለ ግን ሰንሰለት ያሰረ ጎማ ጉድጓዱን በፍጥነት ይቆፍራል፣ መኪናውም በሆዱ ይቀመጣል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ብዙ ጊዜ የምትሄዱበትን መንገድ አፈር እወቁ።

ጥቁር አፈርና ቀይ አፈር

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆነው መሬት ጥቁር አፈር ነው። ዋልካ፣ መረሬ፣ ኮቲቻ እየተባለ በየአካባቢው ይጠራል። በቾ ሜዳን፣ ጊንጪንና አምቦ አካባቢን፣ ቢሾፍቱ ዙሪያን፣ እንዋሪን፣ ፎገራን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ጋምቤላ ውስጥም ሰፊ ቦታ ይዟል። በበጋ ይሰነጣጠቃል። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ውስጡ ያለው የሸክላ ዓይነት ውሃ ሲያገኝ የሚነፋ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ስለሆነ ነው። ሲርስ እንደ ሊጥ ጎማው ላይ ይለጠፋል። ጎማው ጥቂት ዙር ከተሽከረከረ በኋላ ጥርሱ በጭቃ ይሞላና ልሙጥ ይሆናል። አዲስ ጎማ ይሁን ያለቀ፣ በዚያ ሰዓት ልዩነቱ ብዙ አይደለም።

ቀይ አፈር ጠባዩ ሌላ ነው። ጅማ፣ ከፋ፣ ወለጋ፣ ከባሌ ወደ ሐረና ጫካ ስትወርዱ የምታገኙት ዓይነት። ውሃን ከጥቁሩ የተሻለ ያሳልፋል። ዝናብ እንደዘነበ ላዩ ክፉኛ ያንሸራትታል፤ ሥሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ መኪና ይሸከማል። የቀይ አፈር ችግር መስጠም ሳይሆን መንሸራተት ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ ገደሉ በጎኑ ይሄዳል። ሰንሰለት የተፈጠረው ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ነው።

ጥቁር አፈርም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በሰኔ መጀመሪያ ላዩ ረጥቦ ሥሩ ገና ደረቅ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። ያኔ ሰንሰለት ጥሩ ይሠራል። ነሐሴ ላይ መሬቱ ጠግቦ ከጨረሰ በኋላ ግን ያው መንገድ ሌላ መንገድ ይሆናል። ሰኔ ላይ በሰንሰለት ያለፈ ሾፌር ነሐሴ ላይ ያንኑ ሊደግም ሄዶ የሚቀበረው ለዚህ ነው።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ከመኪና ውረዱ። ዱላ ሰክታችሁ እዩ። አንድ ስንዝር ሳይገባ ጠንካራ ነገር ከነካ በሰንሰለት ይታለፋል። እስከ ጉልበት የሚገባ ከሆነ ምንም ብታስሩ አይበቃም፤ የላንድክሩዘርና የሃይሉክስ ሆድ ከመሬት ያለው ከፍታ 20 ምናምን ሳንቲ ሜትር ነው። ጭቃው ከዚያ ከበለጠ መኪናው በዲፈረንሻሉ (በጎማዎቹ መሃል ሆኖ ጉልበት በሚያካፍለው ክፍል) ይጎተታል፣ ጎማው አየር ላይ ይቀራል። ደግሞ በአካባቢው ገበሬ ካለ ሰላም ብላችሁ ጠይቁት። "ትናንት ማን አለፈ? በየት በኩል?" ማለት ብቻ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። እዚያ የከረመ ሰው የመሬቱን ሆድ ያውቃል።

ሰንሰለቱ ምን ይሠራል?

ሰንሰለት አዲስ ነገር አይደለም። ሃሪ ዊድ የተባለ አሜሪካዊ፣ ኒውዮርክ ግዛት የምትገኘው የካናስቶታ ነዋሪ፣ በ1904 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። በዘመኑ ሾፌሮች ጭቃና በረዶ ለማለፍ ጎማቸው ላይ ገመድ ይጠመጥሙ ነበር ይባላል። እሱ በብረት ተካው። ሐሳቡ እስከ ዛሬ አልተቀየረም። የመኪናው ክብደት በሰፊው የጎማ ፊት ላይ ከመዘርጋት ይልቅ በጥቂት የብረት ቀለበቶች ላይ ያርፋል። ቀለበቶቹ የሚያንሸራትተውን ላይኛውን ጭቃ ቆርጠው ሥሩ ያለውን ጠንካራ መሬት ይይዛሉ።

ጥቅሙም ጉዳቱም ከዚህ ይመነጫል። የሚቆርጥ ነገር የሚይዘው ካላገኘ መቁረጡን አያቆምም። አሸዋ ላይ ሰንሰለት የማይመከረውም በዚህ ምክንያት ነው። አፋር ወርዳችሁ ዳናኪል አሸዋ ላይ ከተያዛችሁ፣ ወይም ኦሞራቴ አካባቢ ወንዝ ዳር ከሆናችሁ፣ ሰንሰለቱን ከነከረጢቱ ተዉት። እዚያ የሚረዳችሁ የጎማ ነፋስ መቀነስ ነው፤ እመጣበታለሁ።

የትኛው ሰንሰለት?

ገበያ ላይ የሚገኙት በአሠራራቸው በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው የመሰላል ቅርጽ ያለው ነው። ጎማውን በአግድም እያቋረጡ የሚያልፉ ሰንሰለቶች አሉት፣ በሁለቱ ጎን ደግሞ ረጃጅም ማሰሪያዎች። ርካሽ ነው። ለመጠገንም ቀላል ነው፤ አንዱ አግዳሚ ቢበጠስ እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። በአግዳሚዎቹ መሃል ክፍት ቦታ ስላለ ጭቃው የመርገፍ ዕድል ያገኛል። ወደፊትና ወደኋላ ጥሩ ይይዛል። ድክመቱ ጎን ለጎን መንሸራተት ላይ ነው። አግዳሚ በሌለበት ጎማው ባዶውን መሬት ይነካል፣ መኪናውም በዚያች ቅጽበት ወደ ጎን ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛው የአልማዝ ቅርጽ ያለው ነው። ሰንሰለቱ በሰያፍ እየተጠላለፈ ጎማውን ያለማቋረጥ ይሸፍናል። ቁልቁለትና ጎንዮሽ ያዘመመ መንገድ ላይ ከመሰላሉ በግልጽ ይሻላል። መሪም በተሻለ ይታዘዛል። ንዝረቱ ያንሳል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ጭቃ ሲሞላበትም ቶሎ አይረግፍም።

የእኔ ምርጫ? ተራራማና ቀይ አፈር ለሆነ አካባቢ አልማዙ። ሜዳማና ጥቁር አፈር ለሆነ፣ ያውም በሰኔ፣ ወፍራም ቀለበት ያለው መሰላል። ሁለቱንም ለመግዛት አቅም ያለው ሰው ካለ ገንዘቡን ለጎማ ቢያደርገው ይሻለዋል።

ከብረት ገመድ የሚሠሩ ቀጫጭኖች አሉ፤ ከጨርቅ የሚሠሩ ጎማ ላይ እንደ ካልሲ የሚጠለቁም አሉ። ሁለቱም ለአስፋልት ላይ በረዶ የተሠሩ ናቸው። ለጭቃ ምንም አይፈይዱም። ጨርቁን ድንጋያማ መንገድ ወዲያው ይበላዋል።

ስለ ውፍረት። ለቤት መኪና የሚሸጡት 9 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ተብለው የሚታወቁት ናቸው። ለፎር ዊልና ለፒክአፕ ከዚያ የወፈረ፣ 16 ሚሊ የሚባለው ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ብረቱ የጠነከረ መሆን አለበት። ብየዳ ቤት ሄዶ ተራ ሰንሰለት አስቆርጦ ማሠራት ይቻላል፣ የሚያደርጉትም አሉ። ነገር ግን ተራ ብረት ድንጋይ ላይ ቶሎ ያልቃል፣ በብየዳ የተያያዘችው ቀለበትም ብዙውን ጊዜ ቀድማ ትለቃለች። የተበጠሰ ሰንሰለት እየተወናጨፈ ፓራፋንጎውን ይቀጠቅጣል፤ የፍሬን ቱቦ ካገኘም ይቆርጣል። ቁልቁለት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ልኩ ከጎማው ጋር መግጠም አለበት። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሙሉውን ይዛችሁ ሂዱ። የቆዩ ላንድክሩዘሮች 7.50 አር 16 ነው የሚያደርጉት፣ ብዙ ሃይሉክስና ፕራዶ 265/65 አር 17። ሁለቱ በአንድ ሰንሰለት አይሠሩም። "ትንሽ ሰፋ ቢል በማሰሪያ እናጠብቀዋለን" የሚላችሁን ሻጭ አትስሙት። የላላ ሰንሰለት ጎማውን ይፈጫል።

ደግሞ ከጎማው ጀርባ ያለውን ክፍተት እዩ። በፍሬን ቱቦው፣ በሾክ አብዞርበሩ፣ በኤቢኤስ ሽቦውና በጎማው መሃል ጣት የሚያሳልፍ ቦታ ከሌለ ወፍራም ሰንሰለት አይገባም። የፊት ጎማ ላይ ካሰራችሁ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙራችሁ አረጋግጡ። ሰፊ ጎማ የቀየራችሁ በተለይ ይቺን አትለፏት።

ከፊት ወይስ ከኋላ?

አንድ ጥንድ ብቻ ካላችሁ መጀመሪያ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ እዩ። በፊት ጎማ የሚነዳ የቤት መኪና ከሆነ ከፊት ነው፤ አያከራክርም። ፎር ዊል ላይ ግን ክርክር አለ። የሃይሉክስ ዓይነት ፒክአፖች መመሪያ በኋላ ጎማ ላይ እሰሩ ይላል። ክብደት ጭናችሁ ዳገት የምትወጡ ከሆነ ትርጉም ይሰጣል። የቁልቁለት ጉዞ ግን ሌላ ነው፤ የፊት ጎማ ካልያዘ መሪ የለም ማለት ነው፤ ከኋላ ብቻ የታሰረ መኪና አፍንጫው ወደፈለገበት ይሄዳል። አስቸጋሪ ቁልቁለት የምታዘወትሩ ከሆነ ሁለት ጥንድ ግዙና አራቱንም እሰሩ። አንድ ጥንድ ገዝቶ በየዳገቱና በየቁልቁለቱ ከኋላ ወደ ፊት ማመላለስ ወረቀት ላይ ያምራል። ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ የሚያደርገው ሰው አላየሁም።

ጥንድ ጎማ ያላቸው አይሱዙዎች ሁለቱንም ጎማ አንድ ላይ የሚሸፍን ሰንሰለት አላቸው። ያ ካልተገኘ የውጪው ላይ ማሰር ይቻላል። ከማሰራችሁ በፊት በጥንዶቹ መሃል የተቀረቀረ ድንጋይ እንደሌለ እዩ።

ማሰር

ትልቁ ነገር ሰዓቱ ነው። ከመያዛችሁ በፊት እሰሩ። ጎማው ግማሽ ድረስ ከተቀበረ በኋላ ሰንሰለት ማስገባት ክሪክ ማስቀመጥ፣ መቆፈር፣ መሳደብ ነው። ክሪኩም ጭቃው ውስጥ ስለሚሰጥም ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ይፈልጋል። ጭቃው ከመጀመሩ በፊት ያለውን ጠፍጣፋና ጠንካራ ቦታ ምረጡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሞተር አጥፉ።

ሰንሰለቱ እንዳይጠላለፍ መሬት ላይ ዘርጉት። የቀለበቶቹ ሹል ጫፍ ወደ ውጪ እንጂ ወደ ጎማው እንዳይሆን። ጎማው ላይ አልብሱት፣ መኪናውን ግማሽ ሜትር ያህል ወደፊት አስኬዱ፣ መጀመሪያ የውስጡን ከዚያ የውጪውን ቆልፉ። ማጥበቂያውን ሳቡ። የተረፈውን ጫፍ በሽቦ እሰሩት እንጂ ተንጠልጥሎ አትተዉት። ከ50 እስከ 100 ሜትር ነድታችሁ ቁሙና እንደገና አጥብቁ። ያለ ምንም ጥርጥር ይላላል።

ይህን ሁሉ መጀመሪያ ግቢያችሁ ውስጥ በደረቅ ቀን ተለማመዱት። ከሰንሰለቱ ጋር ጓንት፣ ፒንሳ፣ ሽቦና ጥቂት መጠገኛ ቀለበት ይኑራችሁ። መንበርከኪያ የሚሆን አንድ ባዶ ማዳበሪያም አትርሱ። ለፎር ዊል የሚሆን ጥንድ ከ20 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ዕቃ መጫኛው ላይ ዝም ብሎ አይጣልም፤ ይታሰር።

አነዳዱ ቀላል ነው። ፎር ዊል፣ ከባዱ ማርሽ (4L)፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ፣ በሰዓት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር። ነዳጅ በእኩል መስጠት። ጎማው ባለበት መሽከርከር ከጀመረ ወዲያው እግራችሁን አንሱ። ያለ ሰንሰለት ጎማ ማሽከርከር ጭቃ ይረጫል፤ በሰንሰለት ማሽከርከር ጉድጓድ ይቆፍራል። ቁልቁለት ላይ በማርሽ ውረዱ እንጂ ፍሬን አትደፍጥጡ።

ኮረኮንች ወይም አስፋልት ስትደርሱ ፍቱት። "ትንሽ ስለሆነች ልለፋት" አይባልም። ሰንሰለቱም ጎማውም መንገዱም ይጎዳል። በ2003 ዓ.ም በተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ለማገናኘት የተሠሩ ጠጠር መንገዶች አሉ፤ ሰንሰለት ያሰረ መኪና ላያቸውን ቧጥጦ ይሄዳል። የሚቀጥለው ዝናብ ቦይ ያደርገዋል። እናንተ ታልፋላችሁ፤ የአካባቢው ሰው ግን ከዚያ መንገድ ጋር ይከርማል።

የጎማ ነፋስ መቀነስ

ነጻ ነው። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ይሞከር ይባላል። ፒክአፕ በአስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ) አካባቢ የሚነፋ ከሆነ ወደ 20 ሲወርድ ጎማው መሬት ላይ የሚያርፍበት ርዝመት ይጨምራል፣ ክብደቱ ይበተናል፣ መስጠሙ ይቀንሳል። ለአሸዋ ወደ 15 ድረስ የሚያወርዱ አሉ። ልብ በሉ፣ ይህ የሰንሰለት ተቃራኒ ነው። ሰንሰለት ክብደቱን ሰብስቦ ይቆርጣል፤ የነፋስ መቀነስ ክብደቱን ዘርግቶ ላዩ ላይ ያንሳፍፋል። ጥልቅ ለሆነ ለስላሳ መሬት ሁለተኛው ይሻላል። ሁለቱን ማደባለቅ ግን ጥሩ አይደለም፤ በሙሉ ነፋስ የታሰረ ሰንሰለት ጎማው ሲተነፍስ ይላላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለቆዩ መኪኖች። ውስጡ ሌላ የነፋስ ጎማ ያለበት ዓይነት ከሆነ በጣም አታውርዱት። ጎማው ቸርኬው ላይ ሲንሸራተት የውስጡን ጎማ ይዞት ይዞርና የመንፊያውን አንገት ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጎሚስታ ነው፤ ጎሚስታው ደግሞ እዚያ የለም። መልሶ መንፊያ ሳይይዙ ነፋስ መቀነስም አጉል ድፍረት ነው። የተነፈሰ ጎማ ይዞ በፍጥነት አስፋልት ላይ መሄድ ጎኑን አግሎ ያፈነዳዋል።

የጭቃ ጎማ

ጥርሱ ጥልቅ፣ በጥርሶቹ መሃል ያለው ክፍተት ሰፊ የሆነው ነው። ሁልጊዜ እላዩ ላይ ስላለ መውረድና መንበርከክ የለም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሥራ ምክንያት በሳምንት ብዙ ቀን ጭቃ የሚገባ ሰው ከሰንሰለት ይልቅ እሱን ይምረጥ። ነገር ግን አራት ጎማ እስኮርታውን ሳይጨምር እንኳ ከሁሉም አማራጭ ውድ ነው። አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬኑ ከመደበኛው ጎማ ይደክማል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ አብዛኛውን መንገድ በአስፋልት ሄዶ የመጨረሻዋን ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ጭቃ ለሚያገኝ ሰው አያዋጣም። ለእሱ መካከለኛው፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆነው ጎማና አንድ ጥንድ ሰንሰለት ይበቃዋል።

ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ የጭቃ ጎማ የሚባለው ስም እንዳያታልላችሁ። ጥርሱ የሚጸዳው ጎማው በፍጥነት ሲዞር ነው። ያ ሊጥ ግን በቀላሉ አይረግፍም።

ሰሌዳ፣ ዲፈረንሻል መቆለፊያ፣ ዊንች

ከጎማ ሥር የሚገቡት ጥርስ ያላቸው የፕላስቲክ ሰሌዳዎች፣ የአውስትራሊያው ማክስትራክስ ዓይነት፣ ከተያዙ በኋላ ለመውጣት ናቸው። ለአሸዋም ለጭቃም ይሆናሉ፣ ቀላል ናቸው፣ ልክ አይመርጡም። ሰንሰለት ለማይገባበት መኪና ጥሩ ምርጫ ናቸው። ግን የሚያወጧችሁ አንድ ሁለት ሜትር ነው። ቀጥሎ ያለው ኪሎ ሜትር ሁሉ ጭቃ ከሆነ እያነሱ እያስቀመጡ መሄድ ነው። ሰሌዳው ላይ ጎማ ካሽከረከራችሁ ጥርሱ ቀልጦ ያልቃል። ድንጋይና ቅርንጫፍም ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ የሰው ዛፍ ሳታስፈቅዱ አትቁረጡ፣ ስትወጡም ድንጋዩን ከመንገዱ አንሱት።

የዲፈረንሻል መቆለፊያ ያለው መኪና ካላችሁ ሰንሰለት ከመግዛታችሁ በፊት እሱን መጠቀም ልመዱ። መቆለፊያ የሌለው ዲፈረንሻል ጉልበቱን ለሚሽከረከረው ጎማ ስለሚለቅ አንዱ ጎማ ሲፈተል ሌላው ቆሞ ያያል። ስንት ሰው ቁልፉ ዳሽቦርዱ ላይ እያለ ሳይነካው መኪናውን ይሸጣል! አራቱም ጎማ የሚንሸራተትበት ቦታ ላይ ግን መቆለፍ ብቻውን አይበቃም። እዚያ ሰንሰለት ያሸንፋል።

ዊንች የሚሳብበት ነገር ይፈልጋል። በቾ ሜዳ መሃል ቆማችሁ ዙሪያችሁን ብታዩ ጤፍና ሰማይ ነው። እስኮርታ ጎማ ቀብሮ እሱን መያዣ ማድረግ ይቻላል፤ የሚጠይቀው ጉልበት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዛፍ ባለበት በጫካ መንገድ ሌላ ነገር ነው። በሚሳብበት ጊዜ ሰው ከገመዱ አጠገብ አይቁም። የተበጠሰ የብረት ገመድ ሰው ይገድላል።

ኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ መኪና ገጠር ቤተሰብ ጥየቃ የሚወጣው እየበዛ ነው። ሆዳቸው ለመሬት ቅርብ ነው፣ ባትሪውም እዚያው ሆድ ላይ ነው። ድንጋይ የደበቀ ጭቃ ውስጥ መግባት ውድ ቁማር ነው። ሰንሰለት ካስፈለገ የትኛው ጎማ እንደሚነዳ እወቁ፤ ባለ አንድ ሞተሩ ቮልስዋገን አይዲ 4 ለምሳሌ በኋላ ነው የሚነዳው። አንዳንድ አምራች በተወሰነ የጎማ ልክ ላይ ሰንሰለት ጨርሶ ይከለክላል። ለእነዚህ መኪኖች የእኔ ምክር አጭር ነው፤ ሰሌዳ ያዙ፣ ካልሆነም አስፋልቱ ዳር አቁማችሁ በባጃጅ ግቡ።

መጠበቅም አማራጭ ነው

ይህን ማንም አይሸጥላችሁም። በደጋው የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወርደው። ማታ የማይታለፍ የነበረ ቀይ መንገድ ጠዋት ፀሐይ ካገኘ እኩለ ቀን ላይ ይያዛል። ከቻላችሁ ጉዟችሁን በዚያ አስተካክሉ። ጥቁሩ አፈር እንዲህ አይልላችሁም፤ እሱ ቀናት ይፈልጋል። የባሌው ሳነቲ አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ በረዶ ዘንቦ መንገዱ ነጭ ሆኖ ብታገኙትም ቆም ብሎ መጠበቅ ከማሰር ይቀላል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል።

ዴንቨርና ኦሮራ ላላችሁ

ከባድ መኪና ለምትነዱ ወገኖች ነገሩ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ በኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን ባለው መንገድ ከባድ የንግድ ተሽከርካሪ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በቂ ሰንሰለት ይዞ መሄድ አለበት። መንገዱ ላይ የሰንሰለት ግዴታ ሥራ ላይ መዋሉ ሲታወጅ በትንሹ አራት የሚነዱ ጎማዎች ላይ ይታሰራል። እዚያ ያለው በረዶ ሥሩ አስፋልት ስለሆነ የመቀበር ፍርሃት የለም። አግዳሚዎቹ ላይ ሹል ጥርስ የተበየደባቸው ሰንሰለቶች ግግር በረዶን በደንብ ይነክሳሉ፤ የጠራ አስፋልት ላይ ግን ቶሎ ያልቃሉ።

ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ

ቀይ አፈር፣ ተራራ፣ አልፎ አልፎ የሚደረግ ጉዞ፦ ሰንሰለት። ጥቁር አፈር፣ ሜዳ፣ ሐምሌና ነሐሴ፦ ገንዘቡን ያዙት፣ ረጅም ጠንካራ መጎተቻ ገመድና አካፋ ግዙበት፣ ትራክተር ያለውን ሰው ስልክ መዝግቡ። አፋርና አሸዋ፦ መንፊያና የነፋስ መለኪያ፣ ከተረፈ ሰሌዳ። በየቀኑ ጭቃ፣ ያውም የመሥሪያ ቤት መኪና ከሆነ፦ አለቃችሁን የጭቃ ጎማ ጠይቁ፤ ሰንሰለቱም ይጨመርበት በሉ።

ያገለገለ ሰንሰለት ከሰው የምትገዙ ከሆነ አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ እዩ። የቀለበቱ አንድ ጎን ተበልቶ ከሌላው በግልጽ ከቀጠነ ተዉት። ዝገት ብቻ ከሆነ ችግር የለም፤ በብሩሽ ተፍቆ ዘይት ይቀባል። የራሳችሁንም ከጉዞ መልስ በውሃ እጠቡት፣ አድርቃችሁ ዘይት ነካ ነካ አድርጉት፣ ሳይጠላለፍ ከረጢቱ ውስጥ አስገቡት።